የእንግሊዝኛ ትምህርትና የአስተማሪው ሥራ

ሰው የልቡን አሳብ የሚያወጣው በቃል ነው። ዳኛ ሲፈርድ፥ ነጋዴ ሲዋዋል፥ ሐኪም በሽተኛውን ሲጠይቅ፥ ሁሉም ሥራቸውን የሚጀምሩት በመናገርና በማድመጥ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለው ተናገሩ። ይህ ምሳሌ የተነገረው በገዛ ቋንቋው መናገር እየቻለ ዝም ላለ ሰው ነው። ዛሬ ግን ከእናታቸው ባልሰሙት ቋንቋ እንዲያስቡና እንዲመልሱ ለሚጠየቁ ልጆች ይበልጥ የሚስማማ ሆኖ ይታየኛል። እነርሱ ዝም የሚሉት ስለማያውቁ ብቻ አይደለም፤ ያወቁትን የሚያወጡበት ቃል በእጃቸው ስለሌለ ነው።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ እንደምታውቁት በአገራችን ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በአብዛኛው የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። ስለዚህ ያ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የሒሳቡም፥ የፊዚክሱም፥ የታሪኩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠብቀዋል። እንግሊዝኛ ከትምህርቶች አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የደከመበት ተማሪ በዚህ ወድቆ በሌላው ይነሣ ነበር። ነገር ግን እንግሊዝኛ የቤቱ በር ሆኗል። በሩ ላልተከፈተለት ሰው በጓዳው ውስጥ ምን ያህል እህል ቢከማች ምን ይጠቅመዋል?

በዚህች ጽሑፍ የምነቅፈው ነገር አለ። መንቀፍ ግን ከሥራ ሁሉ የቀለለ ስለ ሆነ፥ ነቀፌታዬን በማስረጃና በፍትሕ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ከምነቅፋቸውም ሰዎች አንዱ እኔ ራሴ እንደ ሆንሁ በስፍራው እናገራለሁ።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ መመልከት ይገባል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ተማሪ ቤት በአዲስ አበባ ባቋቋሙ ጊዜ፥ ከግብፅ የመጡ መምህራን ያስተምሩበት ነበር፤ ከውጭ ቋንቋዎችም የበላይነቱን የያዘው ፈረንሳይኛ ነበር። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤትም ፈረንሳይኛ ትልቅ ስፍራ ነበረው። የኢጣልያ ወረራ በ1933 ዓ.ም. ካበቃ በኋላ ግን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወሰደ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በ1943 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈቱ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። ከአስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከእንግሊዝ፥ ከካናዳ፥ ከሕንድና ከአሜሪካ የመጡ ነበሩ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተሰማርተው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል።

በዚያን ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቍጥሩ ጥቂት ነበር። እንደ ኮተቤ ባሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ከአስተማሪዎቹ ጋር በአንድ ግቢ ይኖር ነበርና ከክፍል ሲወጣም፥ ኳስ ሲጫወትም፥ መጽሐፍ ሊዋስ ሲሄድም ቋንቋውን ይሰማ ነበር። ስለዚህ የሰዋስው ትምህርቱ ምንም እንኳ ደረቅ ቢሆን፥ የክፍሉን ጉድለት ግቢው ይሞላው ነበር። ኋላ ትምህርት ተስፋፋ፤ የገበሬውም ልጅ፥ የሸማኔውም ልጅ ገባ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ትምህርቱን ስናስፋፋ ዘዴውን እንደ ነበረ ተውነው። ዛሬ ተማሪው ከአርባ ደቂቃ ትምህርት በኋላ ከክፍል ሲወጣ እንግሊዝኛ የሚናገረው ሰው አያገኝም፤ ሊዋሰው የሚችል መጽሐፍም በብዙ ቦታ የለም። ቀድሞ ግቢው ይሞላው የነበረውን ጉድለት አሁን የሚሞላው ምን እንደ ሆነ አልጠየቅንም።

በወረቀት ላይ ያለው ሥርዓተ ትምህርት መጥፎ ነው ብዬ አልናገርም። ማድመጥን፥ መናገርን፥ ማንበብንና መጻፍን በየምዕራፉ እኩል አድርጎ ይዘረዝራል። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲነጋገሩ፥ ደብዳቤ እንዲጽፉ፥ አሳባቸውን ቆመው እንዲያስረዱ ያዝዛል። ታዲያ ይህ ሁሉ ወዴት ይቀራል ቢሉ፥ በፈተናው በር ላይ ይቀራል። አገር አቀፉ ፈተና ከተማሪው የሚፈልገው ከቀረቡለት አራት መልሶች አንዱን መርጦ ምልክት ማድረግ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ከራሱ አሳብ አውጥቶ እንዲጽፍ አይጠይቀውም፤ ሲናገርም የሚሰማው የለም። በገበያ የማይመዘን እህል ደግሞ ማንም ተሸክሞ አይወጣም። አስተማሪው የንግግሩን ምዕራፍ ይዘልላል፤ ተማሪውም ተዘለለብኝ ብሎ አይከስስም፤ ወላጁም ውጤቱን እንጂ ችሎታውን አይጠይቅም። ሦስቱም ሳይማከሩ ተስማምተዋል።

ከዚህ ስምምነት የሚወጣውን ፍሬ ሁላችን እናየዋለን። ልጁ የኃላፊ ጊዜ ግሥ የትኛው እንደ ሆነ ከአራቱ መካከል ይመርጣል፤ ትናንት የሆነውን ነገር በሦስት ዐረፍተ ነገር ተርክልኝ ሲሉት ግን አንገቱን ይደፋል። ለሥራ ማመልከቻ ሲያስፈልገው ሌላ ሰው የጻፈውን ወስዶ ስሙን ብቻ ይለውጣል። ይህን የሚያደርገው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርነው የሌላውን መልስ መምረጥን ነውና።

በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ያህል ሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 ከፍ አለ። ለዚህ ሁሉ ጥፋቱን በእንግሊዝኛ ላይ ብቻ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ጦርነቱ አለ፤ ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ የቈየበት ጊዜ አለ፤ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተወስዶ በጥብቅ ቍጥጥር መሰጠቱ ቀድሞ በኩረጃ ተሸፍኖ የነበረውን ገልጦታል። ቢሆንም ጥያቄው ሁሉ የቀረበው በእንግሊዝኛ እንደ ነበረ አንርሳ። የባዮሎጂን ጥያቄ የሳተው ልጅ ባዮሎጂውን ስላላወቀ ይሁን ወይም ጥያቄውን ስላላነበበው፥ ውጤቱ አይነግረንም። ሁለቱን መለየት የማይችል ሚዛን ደግሞ ለመፍረድ አይበቃም።

አሁን ወደ አስተማሪው እንምጣ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች «ፕላዝማ» ብለው የጠሩት ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተተከለ፤ ትምህርቱም በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። ያሰቡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በአዲስ አበባ ያለውና በሩቅ ወረዳ ያለው ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ያግኙ፥ የአስተማሪ እጥረትም ይቃለል ብለው ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው የሚበዛውን ደቂቃ የሚናገረው መስታወቱ ሆነ። ለአስተማሪው የቀረለት መጀመሪያ ላይ ማስተዋወቂያ፥ መጨረሻ ላይ ማጠቃለያ የሚሆን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። መስታወቱ ጥያቄ ያቀርባል፤ ለመልስም ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፤ ክፍሉ ዝም ቢልም «መልካም» ብሎ ያልፋል። ያልተመለሰለትን መልስ ተቀብሎ የሚያመሰግን አስተማሪ ምን ዓይነት አስተማሪ ነው?

ከዚህ ሁሉ የከፋው ጕዳት ግን በፍጥነቱ ወይም በአነጋገሩ ባዕድነት የመጣው አይደለም። አስተማሪው በተማሪዎቹ ፊት ቁልፍ ያዥ መስሎ መታየቱ ነው። በሩን ይከፍታል፥ መስታወቱን ያበራል፥ ከተማሪዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል። ልጆቹም ዕውቀት ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንጂ በአጠገባቸው ባለ ሰው ውስጥ የሚገኝ ነገር አለመሆኑን በየቀኑ ተማሩ። መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱም ይጠፋል። መሣሪያን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ዛሬ በእጅ ስልክ መዝገበ ቃላትም፥ የተነበበ መጽሐፍም ማግኘት ይቻላል፤ ይህም ብዙ ይረዳል። ነገር ግን መሣሪያ ሊናገር እንጂ የዚህን ልጅ ፊት አይቶ «አልገባህም መሰለኝ፥ እስቲ እንደገና» ሊል አይችልም።

ስለ ሌላው ይህን ያህል ከተናገርሁ፥ የራሴንም ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ትንሽ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አንድ ቀን ስለ ገበያ ቀን አንድ አንቀጽ ጽፋችሁ አምጡ ብዬ አዘዝሁ። አንዱ ወንድ ልጅ ስለ አንድ የባሕር ማዶ ከተማ ገበያ የሚናገር፥ ባቡርና ትልልቅ ሱቆች ያሉበት አንቀጽ ይዞ መጣ። ስሕተት አልነበረበትም። ከመጽሐፍ እንደ ገለበጠው ዐውቄአለሁ፤ ማወቄን ግን ለራሴም አልነገርሁም። ዘጠኝ ከአሥር ሰጠሁት።

አንዲት ልጅ ደግሞ አራት መስመር ብቻ ጻፈች። እናትዋ በገበያ ቀን ዶሮ ሸጠች፤ በዋጋውም ይህን ደብተር ገዛችላት፤ ስለዚህ በደብተሩ ላይ ብዙ ቃል መጻፍ ያሳዝናታል፤ ቶሎ ያልቃልና። ጽሑፉ ይህ ነበር። የግሡ ጊዜ የተሳሳተ፥ ነጠላውና ብዙው የተደባለቀ፥ የፊደሉም አጣጣል የተበላሸ ስለ ሆነ በቀይ እስክሪብቶ አሥራ ስድስት ቦታ ምልክት አደረግሁበትና ሦስት ከአሥር ጻፍሁላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አንቀጽ ባዘዝሁ ጊዜ ያቺው ልጅ ከመጽሐፍ ገልብጣ አመጣች። ስሕተት አልነበረበትም። ዘጠኝ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ የራስዋን ቃል በደብተርዋ ላይ አላየሁም።

ይህን ነገር ለብዙ ዘመን አላስታወስሁትም ነበር። ትዝ ያለኝ ጊዜ ግን ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ያቺ ልጅ በማታውቀው ቋንቋ እውነተኛ ነገር ልትነግረኝ ደፈረች፤ እኔም ለእውነቱ ሦስት፥ ለውሸቱ ዘጠኝ ከፈልሁ። እርስዋም ብልህ ስለ ነበረች ዋጋውን ቶሎ ተረዳች። እንግዲህ ኩረጃ በአገራችን በዛ ብለን ስናዝን፥ ፈታኝና ፖሊስ ከመጨመራችን በፊት መጀመሪያ ያስተማርነው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። ልጅ መስረቅን የሚማረው ከክፉ ጓደኛ ብቻ አይደለም። የተሰረቀውን እያወቀ አመስግኖ ከሚቀበለው ከአስተማሪውም ይማረዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ታዲያ ከቤት የማይሰማ ቋንቋ ከመገልበጥና ከመሸምደድ በቀር በምን ይያዛል?» ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው መልስ ከአሜሪካም ከእንግሊዝም የመጣ አይደለም፤ በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ነው። የቅኔ ተማሪ ግዕዝን ከእናቱ አልሰማም፤ በገበያም አይሰማውም። ቢሆንም ጥቂት ዓመታት ተምሮ በዚያው ቋንቋ ማንም ያልተናገረውን አዲስ ነገር ያወጣል። ይህ እንዴት ሆነ ቢባል፥ የቅኔ መምህር ተማሪውን ግስ ያስወርደዋል፥ እርባታውንም ያስጠናዋል፤ ነገር ግን ሰዋስውን ጠንቅቀህ እስክትጨርስ ድረስ አፍህን ዝጋ አይለውም። ገና ከመጀመሪያው ሁለት ቤት ብቻ ያላትን ጉባኤ ቃና እንዲቈጥር ያዝዘዋል። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚበዝኁ እያለ፥ በደረጃ እስከ መወድስ ያደርሰዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው ነው።

ተማሪው ቀን ብቻውን ተቀምጦ ያሰበውን ይዞ ከመምህሩ ፊት ይቆምና ይነግራል። መምህሩም ሰምቶ የተሰበረውን ይጠግናል፤ የጐደለውን ይሞላል፤ ምሥጢሩ ጥሩ ሆኖ ቃሉ የተበላሸበትን ከምሥጢር ድሃው ይለየዋል። እርሱ ራሱም በጉባኤው ፊት ቅኔ ይዘርፋል፤ ማለት ከተማሪዎቹ የሚፈልገውን ነገር እርሱ ሲሠራው ያዩታል። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ደግሞ ታላቅ ነውር ነው። እንግዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ማድመጥ፥ መናገር፥ መፍጠርና መታረም በአንድ ቀን ይገናኛሉ። እኛ በዘመናዊው የእንግሊዝኛ ክፍል የወረስነው ግን የቅኔ ቤቱን ሥርዓት አይደለም፤ ልጁ ትርጕሙን ሳያውቅ ዳዊትን በቃሉ የሚያወርድበትን የንባብ ቤቱን ሥርዓት ነው። የንባብ ቤት የራሱ ዓላማና ጥቅም አለው፤ ጥፋቱ በዚያ ላይ ቆሞ መቅረት ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት ነገር እንዲለወጥ እመኛለሁ። የመጀመሪያው ፈተናው ነው። ተማሪ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ከራሱ እንዲጽፍ ካልተጠየቀ፥ ማንም ጽሕፈትን አያስተምረውም። በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ጽሑፍ ማረም ከባድ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። ስለዚህ በአገር አቀፍ ፈተና ወዲያው ባይቻል፥ በየትምህርት ቤቱ በሚሰጠው የዓመት ውጤት ውስጥ ጽሕፈትና ንግግር የታወቀ ድርሻ ይኑራቸው። ድርሻው ትንሽ ቢሆንም ክብሩ ትልቅ ነው፤ ተማሪው ቃሉ እንደሚመዘን ያውቃልና።

ሁለተኛው የሚነበበው ነገር ነው። ልጁ የማያውቀውን ቋንቋ በማያውቀው አገር ነገር ስናስተምረው ሸክሙን እጥፍ እናደርግበታለን። የኛ አገር ሰዎች በእንግሊዝኛ የጻፏቸው መልካም መጻሕፍት አሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔት፥ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመንደር ሸንጎን ሥርዓት የሚያሳየውን «ዘ አፈርሳታ»ን፥ ዳኛቸው ወርቁ ደግሞ «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ ጽፈዋል። የናይጄሪያው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» በብዙ የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ሁለት ባልደረቦቹ፥ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ማእከሉ እንግሊዝ ሳትሆን አፍሪካ ትሁን ብለው ጠይቀው ነበር። የእንግሊዝን ደራስያን እንተዋቸው ማለቴ አይደለም። ከሚያውቁት ተነሥቶ ወደማያውቁት መሄድ ይቀላል ማለቴ ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት የተመረጡ ጥቂት ገጾች በቀላል ማብራሪያ ቢቀርቡ፥ ተማሪው በባዕድ ቃል ውስጥ የገዛ መንደሩን ሲያይ ቋንቋው የእርሱንም ነገር ሊናገር እንደሚችል ያምናል።

ሦስተኛውና ዋናው አስተማሪው ነው። እዚህ ላይ የሚቀርበውን ወቀሳ አስቀድሜ እሰማዋለሁ። «በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ተማሪ አለ፤ የሚያስተምረውም ክፍል ብዙ ነው፤ ደመወዙ አያጠግበውም፤ እርሱ ራሱም እንግሊዝኛውን አልጠገበውም፤ ታዲያ ምን ታዝዘዋለህ?» ይሉኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። አስተማሪን ሳያጠግቡ ከአስተማሪ ብዙ መጠየቅ ግፍ ነው፤ መንግሥትም ወላጅም ይህን ሊያስቡበት ይገባል። ነገር ግን ደመወዙ እስኪጨመርና ክፍሉ እስኪጠብብ ድረስ ዛሬ በፊቱ የተቀመጠው ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ይሄዳል። ስለዚህ ያለ ገንዘብ ሊደረግ የሚቻለውን እናገራለሁ።

ስልሳ ደብተር በአንድ ሳምንት ማረም አይቻል ይሆናል፤ አሥር ደብተር ማረም ግን ይቻላል። በየሳምንቱ ሁሉም አምስት መስመር ይጻፍ፤ አስተማሪው ተራ አድርጎ አሥሩን ብቻ ያርም፤ የቀሩትን ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እርስ በርሳቸው ያንብቡ። ሲያርምም አሥራ ስድስቱን ስሕተት ሁሉ አያቅላ፤ በዚያ ሳምንት የተማሩትን አንዱን ነገር ብቻ ይመልከት፤ ከዚያ በፊት ግን የጻፈው ልጅ ምን እንዳለ አንብቦ በአንዲት ቃል ይመልስለት። እኔ ለዚያች ልጅ መጻፍ የነበረብኝ «እናትሽ ደግ ሰው ናት፤ አሁን ‹ሸጠች› የሚለውን ግሥ እናስተካክለው» የሚል ነበር። ይህን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

እንደዚሁም ያልገባ ነገር ሲያጋጥም በአማርኛ ወይም በልጆቹ ቋንቋ ቢያስረዳ ነውር የለበትም። የቅኔውም መምህር ግዕዙን የሚያብራራው ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ ነው። ነውሩ ሌላ ነው፤ ይኸውም አስተማሪ ያላወቀውን እንዳወቀ መስሎ ማለፉ ነው። ተማሪ የከበደ ቃል ቢጠይቀው ተቆጥቶ ዝም ከማሰኘት «እኔም አላውቀውም፤ መዝገበ ቃላቱን አምጡና አብረን እንፈልገው» ቢል ክብሩ አይቀንስም። እንዲያውም በዚያች ሰዓት ለልጆቹ ከእንግሊዝኛ የሚበልጥ ነገር አስተማራቸው፤ አለማወቅ የትምህርት መጀመሪያ እንጂ ውርደት አለመሆኑን በዐይናቸው አዩ። አስተማሪው የሚፈራበት ክፍል ውስጥ ተማሪው ሊደፍር አይችልም።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ። «ለምን በእንግሊዝኛ እንማራለን? በገዛ ቋንቋችን ሁሉን ብንማር አይሻልምን?» የሚሉ አሉ። ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ራሱን የቻለ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የሚጠይቁትንም ሰዎች አልነቅፍም። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ፍርዱ ወዴትም ቢያዘነብል እንግሊዝኛ ሊያውቁት የሚገባ ቋንቋ ሆኖ ይኖራል፤ በገዛ ቋንቋው አሳቡን ቀጥ አድርጎ መጻፍ ያልለመደ ልጅ ደግሞ በባዕድ ቋንቋ አይጽፍም። ስለዚህ የአማርኛው፥ የኦሮምኛው፥ የትግርኛውም አስተማሪ ለእንግሊዝኛው አስተማሪ ጠላቱ አይደለም፤ መሠረት የሚጥልለት ነው። ሁሉም ልጁን ከሌላው ሰው መልስ አውጥተው ወደ ራሱ አሳብ እንዲያደርሱት አንድ ሥራ ተሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ነገሬን ወደ እናንተ መልሼ ልጨርስ። ሥርዓተ ትምህርት በአንድ ቀን አይለወጥም፤ መልካም አስተማሪም ለሁሉ አይደርስም። እናንተ ግን ደብተራችሁ በእጃችሁ ነው። በየማታው ከመተኛታችሁ በፊት በዚያ ቀን ካያችሁት ነገር አንዱን በእንግሊዝኛ በአምስት መስመር ጻፉ። ስሕተት ይኖርበታል፤ ይኑርበት። በወሩ መጨረሻ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣችሁ ስታነብቡ ስሕተቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ፤ ራሱ ያገኘውን ስሕተት ደግሞ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ጓደኛችሁ በክፍል ቆሞ ተሳስቶ ሲናገር አትሳቁበት። ያ ሳቅ ከአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ይልቅ ብዙ አፍ ዘግቷል።

ከእናንተ መካከል ነገ አስተማሪ የሚሆን ይኖራል። ያን ጊዜ ከስልሳው ደብተር አንዱ ላይ ስሕተት የበዛበት ግን እውነተኛ የሆነ አራት መስመር ታገኙ ይሆናል። እባካችሁ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት። ደብተሩ የተገዛው በምን ዋጋ እንደ ሆነ በዚያ ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላልና።